እግሩ የአጎቴ፣ እጁ የእኔ

በመስኮቴ ደፍ ላይ፣ ከመቁጠሪያዬ አጠገብ፣ ከበሬ ቀንድ የተጠረበች አንዲት የማርሽ እጀታ ተቀምጣለች። መጠኗ የሎሚ ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ስታዘቀዝቅ፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እርሷ ዘንድ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጥቁር ትመስል የነበረችው ቀንድ ውስጧ እንደ ማር ይበራል። ጸሎቴን ጨርሼ ሳርፍ፣ ሳላስበው ግራ እጄ ወደ እርሷ ይሄዳል። ጥቂት ስጨብጣት ትሞቃለች። ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋኋት ጊዜ ደግሞ፣ ምናልባት የእኔ ምኞት ይሆናል እንጂ፣ የቤንዚንና ያረጀ የቆዳ ወንበር ሽታ፣ ከዚያም ሥር አጎቴ ለጁምዓ ይቀባው የነበረው ሽቶ ይሸተኛል።

ለቡራኬ የሚመጡ ሰዎች አይተዋት፣ “መሪጌታ፣ ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?” ይሉኛል። “የዘመድ ናት” ብዬ አልፋለሁ። አንተ ግን ጊዜ ስላለህ ተቀመጥና ልንገርህ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበር። እናቴ አባቴን ባገባች ጊዜ ተጠምቃ ክርስቲያን ሆነች፤ እርሱ ደግሞ በአባቶቹ እስልምና ጸንቶ ኖረ። በእኛ በወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በበዓል ቀን በአንድ ግቢ ሁለት ድስት ይጣዳል እንጂ ዘመድ ሁለት አይሆንም። እርሱ በጾም ወራት ቤታችን ሲመጣ የጾሙን ይበላል፤ እናቴም በረመዳን ለማፍጠሪያው የሚሆነውን ሾርባ ሠርታ ትልክለታለች። ሲጠራኝም ስሜን አይጠራም፤ ገና ድቁና ሳልቀበል ጀምሮ “ዲያቆን” ይለኝ ነበር።

ሥራው ሾፌርነት ነው። ጣሊያን ትቷት የሄደች፣ መቀመጫዋ የገበታ ያህል የሰፋ፣ የፊት መብራቶቿ እንደ ጉጉት ዓይን ያፈጠጡ አንዲት ጥቁር አሮጌ መኪና ነበረችው። በአዘቦቱ ቀን መንገደኛና ሕመምተኛ ያመላልስባታል፤ ሠርግ ሲሆን ግን በነጭ ጨርቅና በወረቀት አበባ አስጊጦ ሙሽራ ይወስድባታል። በዚያን ጊዜ በደሴ ከተማ በመኪና የተዳረች ሴት ሁሉ በዚያች መኪና ነበር የሄደችው ብል ብዙ አልዋሸሁም። እስላሟም ክርስቲያኗም ያው ነበረች። ሙሽራ በጫነ ጊዜ አጎቴ ጥሩምባ አይነፋም፤ “ሙሽራ የምትሄደው እያለቀሰች ነው፤ ልቅሶዋን ልስማላት እንጂ ለምን እጮህባታለሁ?” ይል ነበር።

የራሱ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው። እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባታለች። ሴትዮዋ በደከመች ጊዜ፣ “የሰውን ልጅ ሁሉ አደረስክ፤ የእኔን ልጅ ማን ያደርስልኛል?” ብላው፣ እርሱም፣ “ወላሂ በእጄ ነው የማደርሳት” ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ይህን ቃል ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቀዋል። እርሱ ደጋግሞ አይናገረውም፤ ነገር ግን ልጂቱ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ጀምሮ መኪናዋን ሲወለውል እጁ ሌላ ረጋ ያለ አኳኋን እንደ ነበረው አስታውሳለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዲስ መኪና መግዛት እንደ እኛ ላለ ሰው የማይታሰብ ነበረ። ቤንዚን በኩፖን ይታደላል፤ እሑድ የግል መኪና እንዳይነዳ ተከልክሏል፤ መለዋወጫ የሚባለው ነገር ከገበያው ከጠፋ ቆይቷል። ልጂቱ ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ ለምትገኘው ለደጋን ሰው ታጨች፤ ሠርጉም ከረመዳን በኋላ በኀሙስ ቀን እንዲሆን ተቆረጠ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ መኪናይቱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በመውጣት ላይ ሳለች አንድ ክፉ ድምፅ አሰምታ የቆመችው። ማርሽ የሚቀያየርባት ካምቢዮዋ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ተራግፈዋል። በጭነት መኪና ተጎትታ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች።

እኔ በዚያው ሰሞን የዜማ ትምህርቴን አድርሼ ከሩቅ አገር መመለሴ ነበር። እናቴ፣ “ሂድና ወንድሜን አግዘው። ዕቃ የሚያቀብለው ልጅ የለውም” አለችኝ። ድጓዬን መከለስ እንዳለብኝ ብነግራት፣ “ድጓው እግር የለውም፤ አይሸሽህም” አለች።

ጋራዡ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። ከደሴ ብርድ ወርጄ ወደዚያ ግቢ ስገባ ሙቀቱ እንደ ጋቢ ይሸፍነኝ ነበር። የተቃጠለ ዘይትና የብየዳ ጭስ ከወንዙ ሸንበቆ እርጥብ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። መካኒኩ የአጎቴ የወጣትነት ባልንጀራ ነው፤ ሆዱ ቀደም ያለ፣ ድምፁ ከመዶሻው የሚበልጥ ሰው። “ጣሊያን ራሱ ተመልሶ ቢመጣ ኮፍያውን አውልቆ ነው የሚያናግረኝ” ይል ነበር።

መኪናይቱን ከሥር አይቶ ወጣና፣ “ልቧ ጤነኛ ነው፤ እግሯ ነው የተሰበረው” አለ። “የዚህን ካምቢዮ ጥርስ እንኳን እኔ፣ የሠራው አገርም ረስቶታል። ሌላ እግር እንተክልላታለን።”

“የማንን እግር?” አለ አጎቴ።

“ባለፈው የተገለበጠው አዲስ ፒክአፕ አለ አይደል? የእርሱን ካምቢዮ ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ። ጎረምሳ ነው፤ አራት ማርሽ አለው። ያንተዋ ባልቴት በሦስት ነበር የኖረችው። ሙሽራዋ ስትደርስ ሙሽራው ገና ፊቱን ሳይታጠብ ነው!”

“ባልቴትን ለጎረምሳ ድረህ የሚሆነውን አላየህም” አለው አጎቴ። ቢሆንም ሌላ መንገድ አልነበረምና እሺ አለ።

የዚያን ሥራ ነገር እንዲህ በቀላሉ አትየው። የአሮጌው ሞተር ጀርባና የአዲሱ ካምቢዮ ፊት ፈጽሞ አይገጣጠሙም፤ የብሎን ቀዳዳዎቻቸው ሌላ ሌላ ናቸው። ስለዚህ በመካከላቸው የሚቆም አንድ ወፍራም የብረት ሰሌዳ በቶርኖ ማሽን ተቆርጦ ተበሳ፤ በአንድ ፊቱ ሞተሩን፣ በሌላ ፊቱ ካምቢዮውን የሚይዝ። ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው የፍሪሲዮኑም ሸራ እንዲሁ፤ ዙሪያው ከአሮጌው፣ እምብርቱ ከአዲሱ ተወስዶ በሪቤት ሚስማር ተጣበቀ። አዲሱ ካምቢዮ ከቀድሞው ስለሚረዝም ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ ተቆርጦ አጠረና ተበየደ። የማርሹም ዱላ ቦታውን ለቅቆ ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ሸሽቶ ስለ ወጣ ወለሉ ተቀደደ። በሾፌሩና በአጠገቡ በሚቀመጠው ሰው መካከል፣ ለሁለቱም እኩል ቀርቦ፣ ማንን እንደሚመርጥ የቸገረው ይመስል ነበር የቆመው። አጎቴ ያንን ባየ ጊዜ ከአሮጌው ዱላ ላይ የቀንድ እጀታውን ፈትቶ፣ “ይህቺን ግጠሙልኝ፤ ሌላውን እንዳሻችሁ” ብቻ አለ። እጀታይቱን በወጣትነቱ ራሱ ነበር የጠረባት።

መጀመሪያ ስንገጥመው ሞተሩ ሲነሣ ከመጋጠሚያው ቀጭን የሲቃ ድምፅ ወጣ። መካኒኩ፣ “ይለምዳል፤ ገና አልተዋወቁም” አለ። አጎቴ ግን አንድ በትር አምጥቶ ጫፉን ከብረቱ፣ ሌላውን ጫፍ ከጆሮው ላይ አድርጎ ቆየና፣ “ብረት አይለምድም፤ ይበላላል እንጂ” አለው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰሌዳው ከመሐል ሸሽቷል አልሸሸም ተባብለው፣ ተሰዳድበው፣ አንዱ የሌላውን አባት ጢም ሳይቀር ካነሡ በኋላ እንደገና ፈታነው። ፀጉር የምታህል ዝንፈት ነበረችበት። መካኒኩ ሰሌዳውን አቃንቶ ሲያበቃ፣ “እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው” አለ።

እኔ ከሥር ተጋድሜ ብሎን ሳጠብቅ፣ ዘይቱ በግንባሬ ሲንጠባጠብ ወራቱ አለፈ። መካኒኩ “አባ ግሪስ” የሚል ስም አወጣልኝ። እሑድ እሑድ ወደ ደሴ ወጥቼ በማኅሌት ስቆም፣ ጸናጽሉን የያዙት ጣቶቼ ጥፍራቸው ዙሪያው ጥቁር ነበር። ከዚህም የሚበልጥ ችግር ነበረብኝ። እኔ የተማርኩት የአጫብርን ዜማ ነው፤ የደብራችን ሊቃውንት ግን የሚያዜሙት የቤተልሔምን ነበር። ቃሉ ያው ሆኖ አካሄዱ ይለያል። ልጠነቀቅ ብዬ እጀምራለሁ፤ ልቤ ሞቅ ባለ ጊዜ ግን ምላሴ ወደ ለመደበት ቤት ሮጦ ይገባል፤ ያን ጊዜ በአጠገቤ የሚቆሙት ሽማግሌ በመቋሚያቸው ጫፍ እግሬን ይጎነትሉኛል። ይህን የምነግርህ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሥራው ያለቀ ዕለት አጎቴ “ቢስሚላህ” ብሎ ገባና ሞተሩን አስነሣ። ምንም ሲቃ አልነበረም፤ ድምፁ እንደ ጠገበ ከብት የረጋ ነበር። መኪናዋን ከዋርካው ሥር ወደ ኋላ ለማውጣት ማርሹን አስገባ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ መኪናዋም ወደ ፊት ተስፈንጥራ የመካኒኩን ምሳ ከነሳሕኑና ከነበርጩማው ዳጠች።

መካኒኩ ከሳቁ የተነሣ መሬት ላይ ተቀመጠ። “ወደ ኋላ እያየ ወደ ፊት የሚሄድ ሾፌር! ምሳዬ ይሁንልህ!”

አጎቴም ሳቀ። ምክንያቱ ወዲያው ገብቶን ነበርና። በአሮጌው ካምቢዮ የኋላ ማርሽ በነበረበት ስፍራ፣ አዲሱ አንደኛን አስቀምጧል። ሁለተኛ በነበረበት ስፍራ ደግሞ ሦስተኛው አለ። የአጎቴ እጅ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ቤት ተሸጦ፣ በየክፍሉ ሌላ ሰው ገብቶበታል ማለት ነው። ያን ቀን እንደ ቀልድ አለፈ።

በማግሥቱ ሦስታችን ለሙከራ ወደ ሐረጎ ወጣን። ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣችው ልነግርህ አልችልም! ድሮ እያቃሰተች፣ ውኃ እየጠጣች የምትወጣውን ጠመዝማዛ እንደ ፍየል ወጣችው። አጎቴ፣ “አልሐምዱሊላህ” ይላል፤ መካኒኩ ከኋላ ወንበር፣ “ጎረምሳ አላልኩህም?” ይላል። ከላይ ዞረን ቁልቁለቱን ጀመርን። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮቱ ይገባል፤ ከታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ያብለጨልጫሉ።

ከአንዱ ጠባብ ጥምዝ በፊት አጎቴ መኪናዋን ለመያዝ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወረደ። ማለቴ እጁ ሁለተኛን ወደሚያውቅበት ስፍራ ሄደ። በዚያ ግን ሦስተኛው ነበር የተቀመጠው። መኪናዋ አልተያዘችም፤ ይልቁንም ተለቀቀች። ፍሬን ረገጠ፤ ፍሬኑ አሮጌ ነበርና የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሸተተን። እርሱም ማርሹ አልገባልኝም ብሎ እንደገና ነቅሎ እዚያው ስፍራ መልሶ ከተተው። ገደሉ በቀኜ ነበር፤ ከታች የሰው ማሳ ይታየኝ ነበር። እኔ ያን ካምቢዮ ከሥር ተጋድሜ ነበር የማውቀው፤ ሌላ ካምቢዮ ስላልለመድኩ የምረሳው ነገር አልነበረኝም። ግራ እጄ ከእጁ በላይ በቀንዷ ላይ ወደቀ።

“ጋሼ፣ ፍሪሲዮን!” ብዬ ጮህኩ።

ረገጠ። ማርሹን ወደ መሐል፣ ከዚያም ወደ ግራና ወደ ታች ሳብኩት። ሞተሩ ታላቅ ጩኸት ጮኸ፤ መኪናዋም አንገቷ በገመድ እንደ ተያዘ በቅሎ ቀጥ አለች። ጥምዙን በቀስታ አልፈን ከመንገዱ ዳር ቆምን።

አጎቴ ወርዶ በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጁን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ባዕድ ነገር ተመለከተው።

“ይህ ነው ሙሽራዋን የሚያወርደው?” አለ። “ባዶ ሳለን እንዲህ ካደረገ፣ ልጄን አስቀምጬባት ምን ሊያደርግ ነው?”

“ይለምዳል” አለው መካኒኩ በቀስታ።

“ብረት አይለምድም ብዬህ ነበር። ያረጀ እጅም ብረት ነው።”

በዚያ ምሽት ቤቱ ገብቶ ሌላ ሾፌር እንዲፈለግ ተናገረ። ልጂቱ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት የምታስተምር፣ አንደበቷ የማይታሰር ልጅ ነበረች። “ማንም ሌላ ሾፌር ከመጣ በእግሬ ነው የምወርደው፤ የደጋን ሰው በር ላይ እግሬን ታጥቤ እገባለሁ” አለችው። “እንዲያ አትበይ፤ ሕይወትሽ ነው” ሲላት፣ “ቃሉስ የማን ነበር አባዬ?” አለች። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተዋል።

በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን ማጥናት ጀመርን። እንደ ተማሪ እየጠየቅሁ አስቀጸልኩት። “አንደኛ የት ነው?” ስለው ያሳየኛል፤ “ሁለተኛ?” ያሳየኛል። በአፉ አንድም አይሳሳትም። ሞተሩ ተነሥቶ መንገድ ስንጀምር ግን፣ ዓይኑ ወደ ጥምዙ ሲዞር፣ እጁ ሹልክ ብሎ ወደ ቀድሞ ቤቱ ይገባል። ባየሁት ቁጥር በመቋሚያ የሚጎነተለው የራሴ እግር ይታወሰኝ ነበር። ስለዚህ ላፌዝበት ወይም ላዝንለት አልቻልኩም፤ አንድ ዓይነት ሰዎች ነበርን።

እሑድ በማኅሌት ቆሜ ሳለሁ ነገሩ መጣልኝ። እንደምታውቀው በማኅሌት ቀኝና ግራ አለ። ቀኙ ሲያነሣ ግራው ይቀበላል፤ ማንም ብቻውን አያደርሰውም፤ የሚሰማው ግን አንድ ዜማ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጠላ እንኳ ሳልቀምስ ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ።

“ጋሼ፣ እርስዎ መሪውንና እግሩን ይያዙ” አልሁት፤ “ማርሹን ለእኔ ይተዉልኝ። እርስዎ ያነሣሉ፣ እኔ እቀበላለሁ።”

ቀኝ እጁን ተመለከተ። “ሙሽራ የሚያደርስ ሰው እጁን ከሌላ ሰው ተውሶ?”

“ከሌላ አይደለም፤ ከእህትዎ ልጅ ነው።”

“ሰው ምን ይላል?”

“ሰው የሚያየው መሪውን የያዘውን ነው።”

ጢሙን ዳሰሰ። “እናትህ ይህን ብትሰማ ሁለታችንንም በዱላ ነው የምትለን” አለና ፈገግ አለ። “አብሽር፣ ዲያቆን። ነገ ና እንሞክረው።”

በመጀመሪያ “ሁለተኛ!” “ሦስተኛ!” እያለ ይጠራልኝ ነበር። ኋላ መጥራቱን ተወው፤ የግራ ጉልበቱ ከፍ ሲል አያለሁ፤ ከመርገጡ በፊት ደግሞ ጉሮሮውን በትንሹ የሚጠርግበት ልማድ ነበረው። አሮጌው ካምቢዮ ለእያንዳንዱ ማርሽ ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን ያስረግጥ ነበርና እግሩ ያንኑ አልተወም። አዲሱ አንድ ብቻ ይበቃዋል፤ እኔ ግን በመካከሉ ቆሜ ጠበቅሁት። ከዚያ ወዲያ በሁለታችን መካከል ያለው ነገር ንግግር የማያሻው ሆነ።

ኀሙስ ደረሰ። መኪናዋ ነጭ ጨርቋን ለብሳለች፤ ሲጠራቀም የሰነበተው የኩፖን ቤንዚን ተሞልቷል። ከኋላ ሙሽራይቱ በሻሿ ተሸፍና፣ በአጠገቧም አክስቷ፣ ማለት እናቴ፣ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በመንዙማና በእልልታ ከግቢው ሸኙን። አጎቴ ሽቶውን ተቀብቷል፤ ጥምጣሙ አዲስ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንደኛን አስገባሁ።

ፒያሳን ሳናልፍ እናቴ ነገሩን አየች። “ምንድን ነው ይህ? ሁለት ወንድ ሆናችሁ አንድ መኪና አቃታችሁ?”

“ዝም በይ እታለም፤ ማኅሌት ላይ ነን” አላት አጎቴ። ሙሽራይቱ በሻሿ ውስጥ ሆና ሳቋን ስትይዝ ሰማሁ።

ሐረጎ ላይ ስንደርስ ግን የሳቀ የለም። ጭጋጉ ገና ከገደሉ ሥር አልተነሣም፤ መንገዱ ጤዛ ነበረው። ከኋላዬ እናቴ “እመ ብርሃን” ስትል፣ ሙሽራይቱ ደግሞ “ያ ረቢ” ስትል በአንድነት እሰማቸው ነበር። ያቺ ጥምዝ መጣች። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጉልበቱ ተነሣ፤ ቀኝ እጁ ከመሪው ላይ ሊነሣ ሲል አየሁት። ሆኖም እጁ ግማሽ መንገድ ሄዶ በእጄ ጀርባ ላይ ዐረፈ፤ እኔን ሳይገፋ፣ ሳይመራም፣ ብቻ ዐረፈ። ሁለተኛው ገባ። መኪናይቱ በራሷ ሞተር ተይዛ፣ እንደ እርጉዝ ሴት እየተጠነቀቀች ወረደች። እጁንም ወደ መሪው መለሰ።

ከግርጌው ኬላ ነበር። ጠብመንጃ ያነገተ አንድ ወጣት ሚሊሻ አስቆመንና ወደ ውስጥ አጎንብሶ፣ እጄ ማርሹ ላይ፣ የአጎቴ እጆች መሪው ላይ ሆነው አየ።

“ማን ነው የሚነዳው?” አለ በጥርጣሬ።

አጎቴም አፉን ከፍቶ ሳይናገር ሙሽራይቱ ሻሿን ገለጥ አድርጋ፣ “አባቴ ነው። ወንድሜ ደግሞ እጁ ነው” አለችው። ልጁ ምን እንደ ገባው አላውቅም። መሠረተ ትምህርት አስተምራው ኖሯል መሰለኝ፣ “የኔታ!” ብሎ ኬላውን አነሣው።

ደጋን ላይ የሙሽራው ወገኖች በዱዓ ተቀበሉን። ወቅቱ የእኛ ጾም ነበርና፣ ከዚያ ሁሉ የሠርግ ፍሪዳ መካከል ለእናቴና ለእኔ በዘይት የተሠራ ሽሮና የምስር ወጥ በተለየ ድስት ቀርቦ አገኘን። አስቀድሞ ልኮ ያስነገራቸው አጎቴ ነበር። ልጂቱን በእጁ ይዞ ካስረከበ በኋላ ግን ከሰዉ ፈልጌ አጣሁት። ሄጄ ባይ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ብቻውን ቆሞ፣ መዳፉን ገና በጋለው ኮፈኗ ላይ አድርጎ፣ “አደረስኳት” እያለ ነበር። ለማን እንደሚነግር አውቄ ወደ ኋላዬ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያ መኪና አብረን ሄድን። ወደ ኮምቦልቻ በወረደ ቁጥር፣ ሥራ ከሌለብኝ፣ በበራችን ቆሞ “ዲያቆን!” ይለኛል፤ እኔም በቀኙ ገብቼ ቀንዷን እይዛለሁ። አግብቼ ልጆች ወልጄ፣ መሪጌታም ተብዬ ሳለሁ እንኳ እንዲሁ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ያቺ መኪና በታችኛው መንገድ ስትመጣ አየሁ። አጎቴ ብቻውን ነበር። አንድ ጋሪ መንገዱን ዘግቶበት ቆመ፤ ማርሽ ለወጠ፤ እጁን ሳያይ ወደ ኋላ በቀስታ ሄደ፤ እንደገና ለወጠ፤ ወደ ፊት፤ ሁለተኛ፤ ሦስተኛ፤ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፍ፣ ውኃ በቦይ እንደሚወርድ አልፎ ሄደ። እጁ ለምዷል። ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ አላውቅም። መካኒኩን ሳገኘው ብጠይቀው፣ “ኧረ ድሮ ነው የለመደው፤ ልጂቱ የመጀመሪያዋን ሳትወልድ!” አለኝና ወዲያው አፉን ያዘ።

በሳምንቱ አጎቴ በራችን ላይ ቆሞ፣ “ዲያቆን!” ብሎ ጠራኝ። ገባሁ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጉልበቱ ተነሣ፤ ሁለት ጊዜም ረገጠ። እኔም አንደኛን አስገባሁለት። ያየሁትን አልነገርኩትም፤ እስከ መጨረሻውም አልነገርኩትም።

ባረፈ ጊዜ ቅሬያችን፣ ማለት የሰፈሩ ዕድር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አስከሬኑን እየተቀባበለ ተሸክሞ ወደ መቃብሩ ወሰደው። እኔም ተራዬ ሲደርስ በግራ በኩል ገብቼ ተሸከምሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጂቱ ከደጋን መጥታ ለሐዘን ተቀምጣ ሳለች አስጠራችኝና፣ በመሐረብ የተቋጠረች ነገር በመዳፌ ላይ አኖረች። “ሲደክም ራሱ ፈትቶ ሰጠኝ። የእርሱ ናት ስጪው አለኝ” አለች። መኪናይቱን ሸጠዋት ነበር፤ የገዛት ሰው ማርሿ ባዶ ብረት ሆኖ ነው የተረከባት።

አሁን ሐረጎን የምወርደው በሚኒባስ ነው። ሾፌሮቹ ልጆች ናቸው፤ ሙዚቃቸው ይጮኻል፤ ሽማግሌ መሆኔን አይተው ከፊት ያስቀምጡኛል። እዚያች ጥምዝ ስንደርስ የልጁ ጉልበት ይነሣል። ጉሮሮውን የሚጠርግ የለም። ቢሆንም ግራ እጄ ከመቁጠሪያው ላይ ተነሥቶ፣ በአየሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ በላዩ የሚያርፈውን እጅ እየጠበቀ።